ሣሩ በላቸው

ሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ ከቡና ሚዛኑ ፊት ለፊት
ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ አንድ ማሽን፣ የማይዘጋ አንድ መስኮት።
መታወቂያ አባዛለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣
ደንበኛ የጠፋ ዕለት ግን ቀልድ እሠራለሁ።

ሐምሌ ነበር። ጅማ በጭቃ ተቦክታ
አንድም ሰው ሳይገባ ቀኑ መሸ በዝምታ፤
እኔም ለገዛ ሳቄ ተየብኩ አንዲት ማስታወቂያ፦
«የቦዬ ጉማሬ አመጋገብ፤ ለስኳር፣ ለደም ብዛት መከላከያ።
ጉማሬ ስኳር አመመው ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል?
ቀለቡ ሣር ብቻ፣ ይኸው ግን ስንት ኩንታል ይመዝናል።
ቀን ውኃ ውስጥ ተዘፍዘፉ፣ ማታ ወጥታችሁ ሣር ጋጡ፣
እንጀራ ካያችሁ እንደ አዳኝ ቆጥራችሁ አምልጡ።»
ከግርጌው ክብ ነገር፣ ማኅተም መሳይ፣ ከላዩም ፊርማ፦
«ዶክተር ሣሩ በላቸው»፤ ወርቁ እዚያ ነው፣ ለሚሰማ።

በሬ ላይ ለጠፍኩት። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ አንብቦ ረሳ።
በሳምንቱ ከአጂፕ እስከ ኮቺ ወሬው ተነሣ፤
የባጃጁ ፉአድ ጠየቀኝ፣ «ሰርዶ ነው ወይስ ጓሳ?»
ራውዳ ሎሚ ሻጯ፣ «በሎሚ እሹት» ብላ መከረች፣
ሎሚዋን ያን ሰሞን ሳይረፍድ ጨረሰች።
ሰምና ወርቅ ላገሬው ከጡት ጋር የተጠባ ነው ይላሉ፤
እኔ ያየኋቸው ወርቁን ተፍተው ሰሙን ሲበሉ።

እንዲህ ስስቅ ነው ወይዘሮ ዚያዳ የመጣችው፣
የአቶ ነዚፍ ሚስት፤ ወረቀቷን ከዝናብ በፌስታል የሸሸገችው።
«ሃያ አባዛልኝ።»
«እትዬ፣ ቀልድ እኮ ነው። ዶክተር የለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»
ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።
«አንተ ዶክተር ነህ?»
«አይደለሁም።»
«እንግዲያ ምን ታውቃለህ? አባዛ።»
ውሸቴ ማኅተም ነበረው፤ እውነቴ ባዶ እጁን መጣ።
ማሽኑ አጉረመረመ፣ ሃያ ቅጂ ወጣ።
ሃያ ቂል፣ ብዬ ቆጠርኩ በልቤ።

ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ማታ ወደ ቦዬ ወረድኩ።
አቶ ነዚፍን ከውኃው ዳር ጎንበስ ብሎ አገኘሁት፤
በእጁ ካልሲ አጥልቆ ሳማ ይቀጥፋል።
«ይቅርታ፣ ያ ጽሑፍ...» ብዬ ስጀምር፣
«አውቃለሁ» አለኝ ሳይዞር።
«ሠላሳ ዓመት ቡና መዝኛለሁ፤ ጆንያ ውስጥ ድንጋይ ሲኖር
ገና ከመሬት ሲነሣ አውቃለሁ። ሣሩ በላቸው! ሳቅን እኮ እኔና ዚያዳም፤
ቀልድህ ያልገባው ሰው እኛ ሠፈር አንድም የለም።

ጡረታዬ ከወሩ አሥረኛ ቀን አያልፍም።
'አጣን' ብል ሚስቴ ታፍራለች፣ ጎረቤት ከንፈሩን ይመጥልኛል፤
'ዶክተር ከልክሎኝ' ስል ግን ሰው ሁሉ 'ጎበዝ' ይለኛል።
ሠርግ የበላ ሠርግ ያበላል፤ ዳይት የያዘ ማን ይቀየመዋል?
ማጣት ማዕረግ አልነበረውም። አንተ ዶክተር አደረግከው።»

«ሃያው ቅጂስ?» አልኩ።
ካልሲውን አውልቆ በጣቱ ወዲያ ማዶ አሳየኝ፣
ከመስጊዱ እስከ ድልድዩ ጭስ የማይወጣባቸውን ጣሪያዎች።
«ሃያ ቤት ነን።»

ጉማሬው ብቅ አለ፣ አንዴ ተነፈሰ፣ ጠለቀ።
ከሁላችን ሣር ወዶ የሚበላ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም አልሳቀ።

ትናንት ዚያዳ ተመለሰች። «ዛሬ ሠላሳ አምስት» አለች።
ሒሳቡ ይቅር ብላት፣ ሳንቲሟን አንድ በአንድ ቆጥራ ደረደረች።
ክዳኑን ዘጋሁ። ብርሃኑ ሄደ፣ ተመለሰ፣
ወረቀቱ ትኩስ ትኩሱን እየወጣ፣
ሳይቀዘቅዝ በሁለት እጇ ታቀፈችው፣
ከዳቦ ቤት እንደወጣ።